የጎበጠው ካብ

አንገቴ ባዶ ነው። ማተብ የለው፣ መስቀል የለው፣ ድሪ የለው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ከፊቴ ቀድሞ አንገቴን ስለሚያይ ነው። እዚህ ንፋስ መውጫ ከባጃጅ ወርጄ፣ ሽንኩርቴን ገዝቼ፣ ለቅሶ ደርሼ እስክመለስ ድረስ አንዱ ዓይኑን አንገቴ ላይ ሳይተክል አይቀርም። አንዳንዱ አይቶ ዝም ይላል። አንዳንዱ፣ በተለይ ትናንት የተወለደው፣ «እማማ፣ ማተብዎ የት ሄዶ ነው?» ይለኛል፤ ልክ ቁልፍ የጣልኩ ይመስል! ድሮ ስቄ አልፈው ነበር። አስተማሪ ሆኜ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ቀጥቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደግሞ እኔው ልቀጣ? ዘንድሮ ትዕግሥቴም አልቋል፤ እመልሳለሁ።

ነገሩን የቆሰቆሱት በሐምሌ ዝናብ በሬን ያንኳኩ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጡት ከተወለድኩበት አገር፣ ከስማዳ፣ ከወይራ አምባ ማርያም ነው። አንዱ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ የለበሰው ባና ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ሌላው ደብረ ታቦር ተምሮ መሐንዲስ የሆነ የአገሩ ልጅ ነው፤ ጃኬቱ ዝናብ አያስገባም፣ ጫማው ግን ጭቃ ሆኗል። ለቤተ ክርስቲያኗ አዲስ አጥር ሊያሠሩ ነው፤ በየከተማው ያለውን የአገር ልጅ እየዞሩ ይጠይቃሉ። ደስ አለኝ፤ አስገባኋቸው፤ እሳት ዳር አስቀመጥኳቸው። መሐንዲሱ ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን አሳየኝ። «እዚህ ላይ ግን እማማ አስናቀች፣ የድሮው ካብ ጎብጧል፤ ሆዱን ወደ ውጭ ነፍቷል። የድሮ ሰዎች ሲክቡ ተሳስተው ነው። እሱን አፍርሰን በብሎኬት ቀጥ እናደርገዋለን» አለኝ። ይህን ብሎ ቀና ሲል አንገቴን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማተብዎ...» አለ። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም! በዚህ መሐል የገበሬው ባና እሳቱ ሞቆት መተንፈስ ጀመረ፤ የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው። ያን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ! «ዝም በል፤ ስልክህንም ክተት» አልኩት። ከተተ። ለእሱ የነገርኩትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ያኔ በደርግ ጊዜ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ ንፋስ መውጫ ይህን ሁሉ ፎቅ አላየችም። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ነበረች፤ ስሙኒ የያዘ ተማሪ እዚያ ገብቶ ሻይና ፓስቲ በልቶ መልስ ይቀበል ነበር። እኔ ሰማያዊ የቴትረን ቀሚስ ነበረኝ፤ አንዲት ብቻ። ቴትረን አይጨማደድ፣ ካውያ አይፈልግ፣ ማታ አጥበው ቢያሰጡት ጧት ይለበሳል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ጨርቅ ፈልጉና አምጡልኝ እስቲ! እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል፣ ዝናብ ሲገባበት በየእርምጃው የሚጮህ። ፀጉሬን አፍሮ አበጥሬ ስሄድ ለበር ጎንበስ የምል ነበር የሚመስለኝ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ጧት ማታ የሰልፍ መዝሙር ይለቃል። አንዳንድ ቀን ግን ካሴቱን የሚያስገባው ልጅ ፍቅር ይዞት ነው መሰል የትዝታ ዘፈን ያመልጠዋል፤ ያን ጊዜ አህያ የሚነዳው ሳይቀር ቀስ ይላል። እኔም ቀስ ካሉት አንዷ ነበርኩ።

በትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን መምህር ነበረ። መልከ መልካም ነው፣ ንግግር ይችላል፣ እጁን የካኪ ሱሪው ኪስ ውስጥ ከቶ በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተንጎራደደ «እግዚአብሔርን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ!» ይላል። ማንም አያወጣም። «አያችሁ?» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር። ማተብ ያሰረ ተማሪ በወጣት ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የታየማ ይቆምና ግለ ሂስ ያደርጋል። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ቆሞ መለማመጥ ሞቴ ነው። ስለዚህ ማተቤን ፈታሁ። ፈታሁት እንጂ አልጣልኩትም፤ የቀሚሴን የግርጌ እጥፋት ተርትሬ እዚያ ውስጥ ሰፋሁት። ለምን እንዳልጣልኩት ያኔም አላወቅኩም። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም የሚለውን ነገር ግን ለክረምቱ ዕረፍት አሳደርኩት፤ ክረምት ሲሆን አገሬ ገብቼ ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ አልኩ። የልጅ ነገር!

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ተዘጋ። ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ፣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል ወደ ስማዳ፣ በእግር። ያረፍኩት አክስቴ ሙሉ ዘንድ ነው። አክስት ስላችሁ ትልቅ ሴት እንዳይመስላችሁ፤ የእናቴ የመጨረሻ እህት ናት፣ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ አብረን አፈር ፈጭተን ነው ያደግነው። ባሏን በበጋው ለሚሊሺያ መልምለው ከመካነ ኢየሱስ በጭነት መኪና ወደ ሰሜን ወስደውታል። ሲሄድ እርጉዝ ነበረች። እኔ ስደርስ ገና አራስ ናት፤ ሴት ልጅ ወልዳ ስሟን «ጠብቂው» ብላታለች። አባትሽን ጠብቂው ማለቷ ነው። ልጅቱ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበራት፤ ትልልቅ፣ በሩን በሩን የሚያይ።

በእኛ አገር ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እስከዚያ ድረስ ሕፃኗም እናቷም ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። አክስቴ እሑድ እሑድ ልጇን ባና ውስጥ ጠቅልላ ትሄድና ከቅጽሩ ካብ ውጭ ትቆማለች። እኔም አብሬያት እቆማለሁ፤ አንዳንዴ የወር አበባዬ ሆኖ፣ አንዳንዴ ኩራቴ ይዞኝ። ከካቡ ውጭ የምንቆም ሴቶች ደግሞ ጥቂት አልነበርንም። አራስ አለች፣ አበባዋ የመጣባት አለች፣ ከባሏ ያደረች አለች፣ ጾም የገደፈች አለች፣ ሰው ያስቀየማትና ውስጥ ገብታ ሊያያት የማትፈልግም አለች። ካቡ ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ ቅዳሴው በድንጋዩ ክፍተት ሾልኮ ይመጣል፤ እኛም ግንባራችንን ድንጋዩ ላይ አስደግፈን እንሰማለን። ካህናቱ ሲወጡ ጸበሉን በካቡ ላይ አሻግረው ይረጩናል። ያን ጊዜ ነገሩ ምንም አልመሰለኝም፤ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ መቼ አልቆ ቤት በገባን ነበር የምለው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትክትክ ገባ። የዚህን አገር ሰው ስለ ትክትክ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ያላስለቀሰው ቤት የለም። ጠብቂው ሳሉ ሲይዛት ፊቷ ይጠቁራል፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ዶሮ ጮኻ ትመልሰዋለች። ጡት መጥባት አቆመች። ጤና ጣቢያ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዛችን አጋም ውሃ ደግሞ ሞልቶ ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል። አክስቴ ልጇ እንደማትተርፍ ገባት። ያስጨነቃት ግን ሞቱ ብቻ አይደለም። «ክርስትና ሳትነሳ ከሞተች ፍትሐት የላትም፣ አይለቀስላትም፣ ከካቡ ውጭ ነው የምትጣለው። አባቷ ሲመጣ የት አለች ልበለው? ከውጭ ናት ልበለው?» አለችኝ። ሰማንያው አልሞላም፤ እርግጥ በሞት አፋፍ ያለ ልጅ ቀኑ ሳይሞላ ይጠመቃል፤ ግን የሚያጠምቅ ካህን የለም። ሁለቱም ቀሳውስት «በዓል በዝቷል፣ ገበሬው ሥራ ፈቷል» ለሚል ስብሰባ ወረዳ ተጠርተው ሄደዋል፤ ወንዙ ከኋላቸው ሞላ። ሌላውም ደብር ከማዶ ነው። ወዲህ የቀሩት ገበዙ መሪጌታ ላቀው ናቸው፤ ድምፃቸው ተራራ የሚያነቃ ትልቅ ሰው፣ ግን ክህነት የላቸውም።

ጡት ባቆመች በሦስተኛው ቀን ጧት ከገደሉ አፋፍ አንዱ «ቄስ ይርጋ ማዶ ደርሰዋል!» ብሎ ተጣራ። አክስቴ ነጠላዋን እንኳን አላነሳችም። ልጅቱን በባናው ጠቅልዬ ይዣት ቁልቁል ወረድን፤ ሰፈሩ ሁሉ ተከተለን። ቄስ ይርጋ ጎልማሳ ናቸው፤ የአክስቴ የነፍስ አባት፣ ሲያርሱ በሬያቸውን የሚመክሩ፣ ሲናዝዙ የሚያስቁ። ማዶ ቆመዋል፤ ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። በመሐላችን ያ ቀይ ውሃ ይጮኻል።

«አባ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!» አለች አክስቴ።

«ሰማንያዋ ሞልቷል?»

«አልሞላም!»

«ሰማንያውን ተይው! ትንፋሽ አላት?»

«አላት!»

ይህን ሲሰሙ ዘለው ውሃው ውስጥ ገቡ። እስከ ወገባቸው ሲደርስ ጣላቸው፤ እዚያው ማዶ የነበሩ ሁለት ጎረምሶች በመጫኛ ጎትተው አወጧቸው። ጭቃ ለብሰው ተነሱ፣ ደግመው ሊገቡ አሉ፣ ያዟቸው። ከዚያ ቆመው ውሃውን ማየት ጀመሩ። ያ ወንዝ ከላይ ከእሳቸው በኩል ቋጥኙን መትቶ ይታጠፍና ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ዳር ይመጣል፤ በጥምቀት ዕለት ታቦት የሚያድረውም እዚያ ቋጥኝ ሥር ነው። እያዩት እያዩት ቆዩና ሽቅብ ሮጠው ቋጥኙ ላይ ወጡ።

«ሙሉዬ! ውሃውን ከዚህ እባርከዋለሁ፤ ወደ አንቺ ይመጣል! ክርስትና እናቷ ማን ናት?»

ሴቶቹ ተያዩ። አክስቴ ሳትጠይቀኝ፣ ፊቴን እንኳን ሳታይ፣ «አስናቀች ናት!» ብላ ጮኸች። ኧረ በስመ አብ! እኔ ማተቤን ፈትቼ፣ አፍሮዬን ጎፍሬ፣ «ያየ እጁን ያውጣ» ሲባል የምስቀው!

«ማተብ ይዛለች?» አሉ ከማዶ።

ልጅቱን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ ጎንበስ ብዬ የቀሚሴን እጥፋት በጥርሴ ቀደድኩት። ማተቤ ወጣ፤ ላብ የጠጣ፣ ጥቁር፣ ከተፈታ ጀምሮ እዚያው የተኛ። ወደ ላይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ቄስ ይርጋ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው መጸለይ ጀመሩ። ጸሎቱ ከውሃው ጩኸት የተነሳ አይሰማም፤ ከንፈራቸውና እጃቸው ብቻ ይታያል። ረዘመ። ኋላ በደረታቸው ተኝተው መስቀሉን ሙላቱ ውስጥ ነከሩትና ቆመው ክንዳቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። እኔም ጉልበቴ ድረስ ገብቼ በመዳፌ ጨለፍኩ፤ ደለልና የዛፍ ቅጠል ያለበት ውሃ። ክንዳቸውን ሦስት ጊዜ አነሱ፤ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩባት። ጠብቂው ዓይኗን ገለጠች፣ አነጠሰች፣ ከዚያ ስንት ቀን ያልሰማነውን ለቅሶ አለቀሰች። «ስሟ ወለተ ማርያም ነው!» አሉ ቄስ ይርጋ፤ ገደሉ ተቀብሎ ደገመው። ማተቡን አንገቷ ላይ አሰርኩት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ለክረምት ያሳደርኩት ጥያቄ አጠገቤ የቆመ ያህል ተሰማኝ፤ መቅደስ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ጽና የለ፣ ደፍራሽ ውሃና የራሰ ባና ብቻ። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። ማንም ምንም ቢለኝ፣ ያን ቀን ያገኘሁትን አልመልስም።

ልጅቱ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ በእናቷ ጡት ሥር አረፈች። ሬሳዋን ይዘን ወደ ማርያም ወጣን። መሪጌታ ላቀው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት በእጃቸው እንዳይፈርስ የሚፈሩ ሰው ናቸው። «ሜሮን አልተቀባችም፣ የካህን እጅ አልነካትም። ወንዝ በሩቁ ተባርኮ ክርስትና ከተነሣ እስከ ዓባይ ያለው ሁሉ ተጠምቋላ!» አሉ።

«መሪጌታ፣ በጥምቀት ዕለት ከታች የቆመው ሰው ሁሉ የሚረጨው ከላይ ተባርኮ የወረደውን አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ምን አፍ አለሽ? ማተብሽን ለመንግሥት አስረክበሽ መጥተሽ!»

«ለመንግሥት አላስረከብኩም፤ ያው አንገቷ ላይ አለ፣ ይዩት!»

አላዩም። በሩን በጀርባቸው ሸፍነው ቆሙ። አክስቴ ክንዴን ይዛ «ተይ» አለችኝ፤ ድምፅ አልነበራትም። ከካቡ ውጭ፣ ሁልጊዜ ከምንቆምበት ቦታ፣ ግንባራችንን ከምናስደግፍበት ድንጋይ ሥር ቆፍረን አስተኛናት። ክርስትና ላልተነሣ ልጅ አይለቀስምና ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ቆመ። ያን ዝምታ የሰበሩት እማማ ትጓደድ ናቸው፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እናት። «ምን አባቱ! እኔ እንኳን ለዚህች ለላሜም አልቅሻለሁ!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። ከዚያ ሁላችንም ለቀቅነው።

ከቀናት በኋላ ወንዙ ጎደለ፤ ቄስ ይርጋ ተሻገሩ። ቤታቸው ሳይገቡ ቀጥ ብለው መጥተው «የት አደረጋችኋት?» አሉ። አሳየናቸው። ካቡን አዩ፣ መቃብሩን አዩ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሲነሱ ፍትሐቱን እዚያው አደረሱላት፤ መሪጌታ ላቀውም ከውስጥ ሆነው ሰሙ፣ አልከለከሉም። «ይሁን፣ ፍትሐት ይድረሳት። ነገር ግን የተቀበረ ሬሳ አይወጣም፤ ካለችበት ትኑር» አሉ። ይህስ እውነት ነው፤ የተኛ ሰው መቀስቀስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ቄስ ይርጋም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አለቀ ስንል አክስቴ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረች።

«አባ፣ እሷን ማንሳት ካልተቻለ ካቡን እናንሳው።»

ቄስ ይርጋ ጢማቸውን ይዘው ካቡን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህን ካብ አባቶቻችን የካቡት ከብት እንዳይገባ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሕፃን እንዳይገባ ያለ የለም። እኔ እሑድ እቀድሳለሁ፤ መቅደስ ውስጥ ያለ ሰው ውጭ የሚሠራውን አያይም።»

እሑድ ደግሞ የእርከን ቀን ነበር። በዚያ ዘመን ልክ የቅዳሴውን ሰዓት ጠብቆ ነበር ፊሽካ የሚነፋው። የሴቶች ማኅበር ድንጋይ ተሸክሞ ተራራው ወገብ ላይ እንዲወጣ ታዘዘ፤ እኛም ድንጋይ ተሸከምን፣ ግን ወደ ማርያም ወጣን። መካብ እንደሆነ አስተምረውናል፤ ስንት ተራራ ስንደረድር ከርመን! ከውስጥ ቅዳሴው ይሰማል፣ ከውጭ እኛ ድንጋይ እንነቅላለን። ካቡን ከቀጥታው ሰብረን በመቃብሩ ዙሪያ ወደ ውጭ አጎበጥነው፣ መልሰን ገጠምነው። ከአራሶቹ አንዷ የልጇን ሬሳ እንደምትከብ ሆና እያለቀሰች፣ ሌላዋ እየሳቀች፤ መሐል ላይ ማን እንደጀመረው የማላውቀው ዜማ መጣ፦

«እርከን ካቡ አሉን፣ አፈሩ እንዳይሸሽ፤
ልጅቱን ከበብናት፣ ከውጭ እንዳታመሽ።»

ሊቀመንበሩ ፊሽካውን እየነፋ መጣ፤ ትከሻው ላይ ምንሽር። «ተራራው ባዶ ነው! ይሄ ምንድን ነው?»

«እርከን ነዋ!» አለች አክስቴ፣ ሳትዞር።

«ቤተ ክርስቲያን ላይ?»

«አፈሩ እየሄደብን ነው።»

አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት እናቱ እማማ ትጓደድ ጎንበስ ካሉበት ቀና ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ ና ይችን አንሳልኝ፤ ወገቤ እንቢ አለ» አሉት። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ምንሽሩን ወይራው ላይ አስደገፈና ትልቁን ድንጋይ አንስቶ ያሉት ቦታ ላይ አስቀመጠላቸው። ለወረዳው ምን ብሎ እንዳመለከተ አላውቅም። በዚያ ክረምት ከተሠራው እርከን ሁሉ ግን እስከ ዛሬ የቆመው ያ ብቻ ነው። መሪጌታ ላቀው ከቅዳሴ ወጥተው ሲያዩት ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ፤ እስኪሞቱም በዚያ በኩል አላለፉም። የራሳቸው ጉዳይ።

መስከረም ገብቶ ትምህርት ሲከፈት ያ መምህር እጁን ኪሱ ከቶ መጣ። «እግዚአብሔርን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ!» አለ። አወጣሁ። «የት አየሽው?» አለኝ። «ስማዳ፣ ወንዝ ዳር።» «ምን ይመስላል?» «ደፍርሷል» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እሱ አልሳቀም። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ፤ አላደርግም አልኩ። ከወጣት ማኅበሩ አስወጡኝ፣ ያን ዓመት ሽንት ቤት ስጠርግ ከረምኩ። ጠረግኩት። ለሽንት ቤትም ቢሆን አጎንብሻለሁ፤ ለግለ ሂሱ ግን አላጎነበስኩም። አዲስ ማተብም አላሰርኩም። ቄስ ይርጋ በቀጣዩ ክረምት ሊያስሩልኝ ክር አምጥተው ነበር፤ «አባ፣ የእኔ እዚያ ውስጥ አለ» ስላቸው ክሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። የአክስቴ ባል አልተመለሰም። እሷም ጊዜዋ ሲደርስ እዚያው ጉብጠት ውስጥ፣ ከልጇ ጎን፣ ገባች።

ነግሬው ስጨርስ መሐንዲሱ እሳቱን ያያል። የገበሬው ባና ደርቋል። «ግን እኮ እማማ» አለ ልጁ፣ ድምፁ አንሶ፣ «የብሎኬት መሠረት እንዲያ ዞሮ ሲሄድ ያስቸግራል፤ ቀጥ ካላለ...»

«ብሎኬትህን አጉብጠው!» አልኩት።

ገበሬው እስካሁን አልተናገረም ነበር። ትንሽ ሳቀና «እናጎብጠዋለን» አለ። «አያቴ እማማ ትጓደድ ይህን ነገር እንደ ተረት ስትነግረን፣ የምታጋንን ነበር የሚመስለን።» ይሄኔ ነው ዓይኔ እንባ የሞላው፤ የሊቀመንበሩ ልጅ መሆኑን አላወቅኩም ነበርና።

ሲወጡ በር ላይ መሐንዲሱን አስቆምኩት። አሁንም አንገቴን አየ፤ አሁን ግን ምንም አላለም። «ስማኝ» አልኩት፣ «እኔም ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆይም። ስሞት መቅደሱ አጠገብ እንዳታደርጉኝ። እዚያ ጉብጠት ውስጥ፣ ከክርስትና ልጄ ጋር ቅበሩኝ። ቦታው ሞልቷል የምትሉኝ ከሆነ ደግሞ ግድ የለም፣ ከውጭ አድርጉኝ። ካቡን የምታነሳ ሴት አትጠፋም።»